ተራ እስኪደርስ

ደባርቅ ላይ የተራራ ሥራ አብዛኛው መጠበቅ ነው። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። ሥራውን ያገናኘኝ የአክስቴ ልጅ፣ "ፈረንጅ እየቀለብህ ተራራ ታያለህ፤ ጉርሻውም ደህና ነው" ብሎ ጎንደር ላይ ሚኒባስ ሲያሳፍረኝ፣ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፌ ከመኪና እንደወረድሁ ድስት የምጥድ መስሎኝ ነበር። ጊዜው የሚሊኒየሙ ሆይሆይታ ገና ያልበረደበት ጥቅምት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት ከተቀመጥሁ ሰንብቻለሁ፤ የሄድሁትም የኩክ ረዳት ልሆን ነው። እንደደረስሁ ዋናው ኩክ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና፣ "ሽንኩርት መክተፍ ትችላለህ?" አለኝ። እችላለሁ አልሁ። "በል እንግዲያ ተራችን እስኪደርስ ፀሐይ ሙቅ" ብሎኝ ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ስለሆነ፣ ወደ ተራራው የሚወጣ ጎብኚ ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል። መግቢያውን ከፍሎ፣ አስጎብኚ ይዞ፣ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይዞ፣ ከፈለገ ኩክና ባለ በቅሎ ጨምሮ ይወጣል። ሥራው በተራ ነው። ተራው የደረሰው ድስቱንና ድንኳኑን አስጭኖ ሳንቃ በርን፣ ግጭንና ጨነቅን ሲዞር ይሰነብታል፤ ያልደረሰው ከተማ ውስጥ ይቀራል። ወቅቱ ክረምቱ ሲወጣ ይከፈታል፣ መጋቢት ላይ ይሳሳል። በዚያ መካከል እኔን የመሰለ፣ ከጎንደርና ከየአካባቢው የመጣ፣ ኪሱ ባዶ የሆነ ወጣት ደባርቅ ላይ ቀኑን በምን ያሳልፍ? ሁላችንም የምናማርረው በዚህ ነበር። "ከተማ ናት እንዴ ይቺ! ምን አላት!" እንባባላለን። እኔ ደግሞ የጎንደር ልጅነቴ ስላለብኝ ከሁሉም በላይ አማራሪው ነበርሁ።

መጀመሪያ የለመድሁት መዝናኛ ፀሐይ መሞቅ ነው። አይሳቅብኝ። ደባርቅ ከባሕር ወለል 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱን ውርጭ ያድራል፤ ጠዋት ፊት የሚታጠቡበት ውኃ ጣት ያደነዝዛል። ስለዚህ ፀሐይዋ ብቅ እንዳለች ወደ ምሥራቅ የዞረ ግድግዳ ያለው ቤት ሁሉ ደጃፉ በሰው ይሞላል። የእኛ ግድግዳ ዋናው መንገድ ላይ ከአንድ ሱቅ ጎን ነበረ። አቀማመጡም ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎቹ ስካውቶች ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ፀሐይዋ መጀመሪያ የምታርፍበትን ይይዛሉ፤ ቀጥሎ ባለ በቅሎዎች፤ ቀጥሎ ኩኮች፤ ረዳቶች ጥግ ላይ፣ ጥላው ቶሎ የሚመጣበት ቦታ ላይ ነን። ጋቢ እስከ አፍንጫ ተስቦ ወሬው የሚነሣው ከዚያ ውስጥ ነው። ማን ወጣ፣ ማን ወረደ፣ የማን በቅሎ እግሯን ተመታች፣ የትኛው እንግዳ እሜት ጎጎ ላይ ቆሞ አለቀሰ። ከዚያ ግድግዳ የሰማሁትን ያህል ስለ ተራራው ከየትም አልሰማሁም።

ፓርኩ ያኔ አደጋ ካንዣበበባቸው የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 ከመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ አድርጎ ከመዘገበው በኋላ፣ በ1996 ዋልያው እየተመናመነ፣ እርሻውና ግጦሹ እየገፋ መጣ ብሎ አደጋ ውስጥ ካሉት ጋር ጻፈው። ይህን ያነበቡ እንግዶች ይጠይቃሉ። አንድ ፈረንጅ በአስጎብኚው በኩል፣ "ፓርካችሁ አደጋ ላይ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?" ብሎ አንዱን ስካውት ቢጠይቀው፣ ሰውዬው ወደ ገደሉ አየት አድርጎ፣ "አዎ፣ ጠርዙ ጋ ባይቆም ጥሩ ነው በለው" አለ። ግድግዳው ሥር ይህ ወሬ ወቅቱን ሙሉ ተሥቆበታል።

ፀሐይ መሞቅ ግን እስከ ረፋድ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ያተረፈልኝ የተከራየሁበት ቤት ነው። እትዬ (ሠፈሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚላቸው) ከጠላ ቤታቸው ጓሮ ክፍሎች ያከራያሉ። በረንዳ ላይ ተጎልቼ ሲያዩኝ፣ "አንተ ልጅ፣ እጅህን አጣጥፈህ ከምትቀመጥ ና ይህን ገብስ ልቀምልኝ" ይሉኛል። እናቴ ቤት ገብስ ልቀም ብባል ቅር ይለኝ ነበር። እዚያ ግን ሌላ ምን ሥራ አለኝና! እህሉን ስለቅም ቡና ይፈላል፤ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፤ ጎረቤት ሲመጣ አገሩን ትሰማለህ። ከአቦል እስከ በረካ የአንድ ቀን ግማሽ ይሄዳል።

ገብሱ ለኮረፌ ነበር። ኮረፌ በተለይ በቅማንት ዘንድ የታወቀ መጠጥ ነው፤ ከጠላ ጋር የሚያመሳስሉት የማያውቁት ናቸው። ገለባው የተፈተገው ገብስ ውኃ ውስጥ ያድራል፤ ከዚያ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ከጌሾ ቅጠልና ከውኃ ጋር ተለውሶ ጋን ውስጥ ሁለት ሦስት ወር ይቀመጣል። የሚጠጣ ሲፈለግ ከጋኑ ጥቂት ተዘግኖ በውኃ ይበጠበጥና ሌላ ቀን አድሮ ይቀርባል። እኔ የመጣሁ ሰሞን የለቀምሁት ገብስ የተቀዳው ጥር ላይ ነው። እትዬ የመጀመሪያውን ዋንጫ ሰጥተውኝ ፊቴን ሲያዩ ቆዩና፣ "እንዴት ነው?" አሉኝ። ድፍርሱ ጥርስ ላይ ይቀራል፤ ጭሱና ምሬቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። "ጥሩ ነው" አልኋቸው። "ጥሩ ነው የሚባለው ሁለተኛውን የጠጣ እንደሆነ ነው" ብለው ደገሙልኝ። ሒሳቡን ግን አስከፈሉኝ።

የገበያ ቀን ሌላ ነው። በዚያ ቀን ተራው የደረሰ ሰው ሁሉ ተራው ባይደርስ ይመኛል። ከጃን አሞራ በኩል ሱፍ የለበሰው ደገኛ ገብስ፣ ባቄላና በግ ይዞ ይመጣል፤ በሊማሊሞ በኩል ቆለኛው ማሽላውንና ማሩን ያወጣል፤ ሁለቱ ደባርቅ ላይ ይገናኛሉ። እኔ የኩኩን የዕቃ ዝርዝር ይዤ ሽንኩርትና እንቁላል ስገዛ መዋል ሥራዬ ቢሆንም፣ ሥራ አልመስልህ አለኝ። እንቁላል አመራረጥን ያስተማረችኝ አንዲት ባልቴት ናት፤ እያንዳንዱን ወደ ፀሐይ አንሥታ በጭብጧ ቀዳዳ ታየዋለች፣ ጥላ ያለበትን ወደ ጎን ታደርጋለች። የመረጥነውን ባልዲ ውስጥ በጭድ ረብርበን በበቅሎ ጨነቅ ድረስ እንወስደዋለን። የሚሰበር አይጠፋም፤ የተሰበረውን የምንበላው ረዳቶች ነን፤ እናም በቅሎዋ ብትደናቀፍ ብዙም አናዝንም ነበር።

ኅዳር ሲገባ ደግሞ ከተማዋ በሌላ ዓይነት የወቅት ሠራተኛ ትሞላለች። ሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና መተማ ወርደው የነበሩት ሳሉጎች ይመለሳሉ። እኛ ብርድ ልንሠራ ወደ ላይ ስንወጣ እነሱ ሐሩር ሠርተው ከታች መጡ ማለት ነው። አንዳንዱ ወባ ይዞት ከስቶ፣ አንዳንዱ አዲስ ጃኬትና አዲስ ሬዲዮ ይዞ ነው የሚመጣው። ገንዘብ የያዙት እነሱ ስለሆኑ ለሰሞኑ ጠላ ቤቱም፣ ከረምቡላ ቤቱም የእነሱ ነው። እኛ ጉርሻ የምንጠብቀው ዳር ይዘን እንሰማለን። ሲወራ ሁለታችንም ያው ነን፤ እነሱ ስለ አሠሪያቸው፣ እኛ ስለ እንግዶቻችን። አንዱ ሳሉግ፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ተራራ በእግሩ ይወጣል የሚለውን ወሬ ፈጽሞ አላመነኝም። "እነሱ ናቸው የሚከፍሉት ወይስ ለእነሱ ነው የሚከፈላቸው?" ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ።

ስለ ከረምቡላው፣ ስለ ጆተኒውና ስለ ቪዲዮ ቤቱ ብዙ አላወራም፤ በየከተማው ያለ ነው። የአርሴናልና የማንቸስተር ጨዋታ ሲኖር አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ መቀመጡ ብርዱን ያስረሳል፤ መብራት የሄደ ጊዜ ደግሞ ጨዋታውን እያንዳንዱ እንደመሰለው ይጨርሰዋል።

ሊማሊሞን ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ የሠራው መንገድ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ነው የሚጀምረው፤ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ይወርዳል። ተራችን ሲርቅ በእግራችን ሄደን ጠርዙ ላይ እንቀመጣለን። ከታች ጭነት መኪና ይታያል፤ አጠገባችሁ የደረሰ ይመስላል፣ ግን መጠምዘዣውን ዞሮ ይጠፋል፣ ደግሞ ከሌላ በኩል ይወጣል። የሞተሩ ድምፅ ቀድሞ ይመጣል፤ መኪናው ራሱ እስኪደርስ የያዝነው ቆሎ ያልቃል። የትኛው ቀድሞ ይደርሳል ብለን እንወራረዳለን። ሾፌሮቹ ሲደርሱ ሞተር ለማቀዝቀዝ ይቆማሉ፤ ውኃ እናቀብላለን፤ ከቆላ ያመጡትን ሎሚ ወይም ሙዝ ይሰጡናል። ደባርቅ ላይ ሙዝ ሲገኝ ትልቅ ነገር ነው።

በቅሎ መጫንን የተማርሁት ከአንድ ባለ በቅሎ ነው። ጋሼ ነበር የምለው፤ የአባቴ እኩያ ይሆናል። በቅሎ በፊት ለፊት ይቀርቧታል፣ ያናግሯታል፣ ከዚያ ነው እጅ የሚያስነኳት። ጭነቱ ግራና ቀኝ መመዘን አለበት፤ በአንድ ወገን የጋዝ ምድጃ ካለ በሌላው የድንች ጆንያ ይሆናል። መጫኛው ሆዷ ሥር ሲጠብቅ አየር ስባ ሆዷን ትነፋለች፤ ያን ጊዜ ትተዋት ሌላ ወሬ ታወራላችሁ፤ ስትተነፍስ ጠበቅ ታደርጉታላችሁ። ይህን የማያውቅ ሰው ጭነት ቡይት ራስ ሳይደርስ ይዞራል። ጋሼ ሥራ በሌለው ቀን ትምህርቱን በባዶ በቅሎ ያሳየኝ ነበር፤ ከዚያ በቆርኪ ዳማ እንጫወታለን። እሱ የቢራ ቆርኪ፣ እኔ የአምቦ ውኃ ቆርኪ። ሲያሸንፍ ዝም ይላል፤ ሲሸነፍ በቅሎዋ ጠማት ብሎ ይነሣል።

ተራችን የደረሰ ዕለት፣ ከሳንቃ በር ወዲህ ጭላዳዎቹን መጀመሪያ ያየሁበት ነገር አሁንም ፊቴ ላይ አለ። ዝንጀሮ እኔ የማውቀው ማሳ ዘርፎ የሚሸሽ ነበር። እነዚህ ግን መቶ ይሁኑ ሁለት መቶ፣ በመስኩ ላይ ተቀምጠው፣ ገበያ የወጡ ሴቶች ጎመን እንደሚመርጡ በሁለት እጃቸው ሣር እየነጩ ይጎርሳሉ፤ መነሣት እንኳ ሳያስፈልጋቸው በመቀመጫቸው ትንሽ ፈቀቅ ይላሉ። ከዝንጀሮ ዘር በዋናነት ሣር ግጦ የሚኖር ሌላ የለም። ወንዱ ጎፈሩ ነፋስ ላይ ይበተናል፣ ደረቱ ላይ ቀይ መደብ አለው። መካከላቸው አልፈን ስንሄድ ያጉረመርማሉ እንጂ አይነሡም። ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉም ወደ ገደሉ ጠርዝ ሄደው አንድ በአንድ ወደ ታች ይጠፋሉ፤ የሚያድሩት ገደሉ ወገብ ላይ ነው፣ ነብርና ጅብ የማይደርስበት። ዋልያውን ያየሁት በኋላ ነው፣ ጨነቅ ላይ፣ ከሩቅ። ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም የትም በዱር የማይገኝ እንስሳ ነው፤ ይህን ሳስብ ቆሜ ማየት ነበረብኝ፤ ነገር ግን እሳት ላይ የጣድሁት ምስር ነበር።

ምስሩስ! የጨነቅ ሰፈር 3,620 ሜትር ላይ ነው፤ እዚያ ውኃ 88 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ድስቱ ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ምስሩ ግን ጥሬውን ይቀመጣል። እንግዶቹ ከቧሂት ተራራ ተመልሰው ድንኳናቸው ውስጥ ተጠቅልለው ይጠብቃሉ። ዋናው ኩክ ሳይደነግጥ ፈንድሻ አፈካና ከሻይ ጋር ላከላቸው፤ የፈንድሻው ጥበብ የረሃብን ሰዓት ማራዘም መሆኑን ያኔ ገባኝ። ለሚቀጥለው ቀን ምስሩን ከሌሊት ዘፈዘፈው፤ ለባቄላና ለሥጋ ደግሞ ክዳኑ የሚቆለፍ የእንፋሎት ድስት ነበረው፤ ከልጆቹ አስበልጦ የሚጠብቀው ያንን ድስት ነው ይሉታል። ከቆላ የመጣ ኩክ እዚህ ሲፎክር ሰምቼ አላውቅም።

ግጭ ስንደርስ መንደሩ ገብተን ቡና እንጠጣ ነበር። እንግዶቹም ይወዱታል። የመንደሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓርኩ ተነሥተው ደባርቅ ላይ ሰፈሩ፤ በማግሥቱ ዓመት ፓርኩ ከአደጋ መዝገቡ ወጣ። ለዋልያው መልካም ነው ይላሉ። እኔ ግን ወደ ግጭ መውጣት ሲነሣ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የዚያ መንደር ቡና ነው፤ ዛሬ እዚያ ብወጣ የሚያፈላልኝ የለም።

ከፓርኩ በላይ ስካውቶቹ የሚኮሩበት ደረስጌ ነው። አንድ ሰሞን ተራዬ ራቅ ሲል አንደኛው ሽማግሌ ዘመድ ሊጠይቅ በአይሱዙ ሲሄድ ተከተልሁት። ደጃዝማች ውቤ ሊነግሥበት ያሰናዳው የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. የቋራው ካሣ ውቤን እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አደረገና በዚያው ቤተ ክርስቲያን አቡነ ሰላማ ቀብተውት ቴዎድሮስ ተባለ። ሽማግሌው ይህን ሲነግረኝ በውቤ አዝኖ ነው። "ድግሱን የደገሰ ሌላ፣ የበላው ሌላ" አለኝ፤ የሰሜን ሰው ከውቤ ጋር መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። እኔ የቋራውን ሰው እየዘፈንሁ ያደግሁ ስለሆንሁ እስክንመለስ ተከራከርን፤ መኪናው ላይ የተጫኑት ሰዎችም ሁለት ተከፍለው ገቡበት።

ጥር ላይ ሁሉ ነገር ይገለበጣል። ለጥምቀት ጎንደርን የሞላው ቱሪስት በዓሉ እንዳለፈ ወደ ሰሜን ይዞራል፤ ደባርቅ ላይ መኪና መቆሚያ ይጠፋል፤ ያ ሁሉ ስንጠብቀው የከረምነው ተራ ባንድ ጊዜ ይመጣል። ግድግዳው ሥር ሰው አይቀርም። ችግሩ ጥር የሠርግ ወርም መሆኑ ነው። የእትዬ የእህት ልጅ ስትዳር እኔ ሳንቃ በር ላይ ፓስታ እቀቅል ነበር። ከዚያ ቤት ስንት ገብስ ለቅሜ፣ ድግሱ ላይ አልነበርሁም። ከተማዋ ምንም የላትም እያልሁ ሳማርር የከረምሁት ሰው ተራራ ላይ ሆኜ ወደ ከተማው ናፈቅሁ፤ ለባልደረቦቼ ባወራላቸው አላገጡብኝ።

መጋቢት ላይ እንግዳው ሲሳሳ ሁሉም ይበታተናል። ባለ በቅሎዎቹ ወደ እርሻቸው፣ አስጎብኚዎቹ ወደ ጎንደርና ባሕር ዳር፣ እኔ ወደ እናቴ ቤት። የመጨረሻው ሳምንት የሒሳብ ሳምንት ነው፤ ሱቁ ዱቤውን ያወጣል፣ እትዬ ኪራዩን ይቆጥራሉ። ተራራ ላይ ያደርሁባቸው ሌሊቶች ይቀነሱልኝ ብዬ ብጠይቅ፣ "ፍራሽህስ አብሮህ ወጣ?" አሉኝና ከፈልሁ። ደግሞ፣ "በመስከረም ስትመጣ ከጎንደር ቡና ይዘህ ና፤ የእኔን ጨርሰኸዋል" ብለው አከሉበት። ይዤላቸው ሄድሁ፤ ከዚያም በኋላ ስንት ወቅት።

ከጋሼ ጋር ያለው የዳማ ሒሳብ ብቻ ነው እስካሁን ያልተዘጋው። እሱ ሁለት ጨዋታ እመራዋለሁ ይላል። እኔ እኩል ነን ባይ ነኝ፤ በቅሎዋ የጠማት ዕለት ያቋረጠውን ጨዋታ ስለማይቆጥርልኝ ነው።